ሦስት ፀሐይ የወጣበት ታፔላ

ጥፋቱ የኔ ነው። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ፤ ምክንያቱም ታሪኩን ለሰው ስነግር አንዳንዱ በኮምፒውተሩ፣ አንዳንዱ በመብራት፣ አንዳንዱ ደግሞ በጦርነቱ ያሳብብልኛል። ኮምፒውተሩ ያዘዝኩትን ነው የሠራው። መብራትም የዚያን ቀን እንደ አመሏ ሳትሆን ከጧት እስከ አሥር ሰዓት አልጠፋችም። ከላይ መሆን ያለበትን ከታች ያደረግሁት እኔ ነኝ።

አባቴ ታፔላ ጻፊ ነው። በደሴ በኩል መርሳ ገብቶ በወልድያ በኩል የሚወጣ ሰው ሳያውቀው የአባቴን እጅ እያነበበ ነበር የሚያልፈው፤ ጎሚስታው በር ላይ በተሰቀለው ጎማ፣ በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ፣ በፀጉር ቤቱ መስኮት፣ በባጃጆቹ ጀርባ። እኔ ራሴ ፊደል የለየሁት ከመሰላሉ ሥር ቆሜ ነው። «ይሄ ምን ይላል?» ይለኛል ከላይ ሆኖ፤ ካወቅሁት ብሩሹን እንዳጥብ ይፈቅድልኛል። ለኔ ትልቅ ሹመት ነበር።

ከስደት ስንመለስ ከተማው ታፔላ አልነበረውም ማለት ይቻላል። አንዱ ወድቋል፣ አንዱ በጥይት ተበሳስቷል፣ እንጨት የነበረው ማገዶ ሆኗል። ቤታችን ስንገባ የቀለም ቆርቆሮዎቹ ተደፍተው ወለሉ ላይ ደርቀዋል፤ ቀዩም ሰማያዊውም ቢጫውም አንድ ላይ። ብሩሾቹ የሉም። አባቴ ያንን ወለል ትንሽ አየና በሩን መልሶ ዘጋው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው በራፋችን ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጦ መፋቂያ ማኘክ ሆነ።

«ሰውዬ፣ ጥርስህ አለቀ እኮ!» ትለዋለች እናቴ።

«ምን አስቸኮለሽ፣ ሠላሳ ሁለት ናቸው።»

ቀልዱን አልተወም፤ ሥራውን ነው የተወው። ሰዎች «ጻፍልን» ብለው ሲመጡ «ብሩሽ የለኝም» ይላል። እናቴ ብሩሽ ከደሴ እናስመጣ ስትለው ደግሞ «ነገ መልሶ ለሚወድቅ ነገር?» ይላታል። እኔ በዚያ ሰሞን የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቴ ከዚያ ድንጋይ ላይ ተነስቶ እንዲጽፍ። ሌላው ሁሉ ቢቀር ግድ አልነበረኝም።

ትምህርት ገና በቅጡ ስላልተጀመረ አስፋልቱ ዳር ወዳለው የማስታወቂያ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ወልድያ ተወልደው መርሳ የገቡ፣ ግንባራቸው እስከ ማጅራታቸው የደረሰ፣ ሳቂታ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ከጦርነቱ በፊት የሳቸው ሱቅ ሲከፈት የአባቴ ሥራ በግማሽ ቀንሶ ነበር፤ አባቴ በዚያ በኩል ሲያልፍ ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዙሮ ነው። «ልማር?» ብዬ ስጠይቀው «ሂጂ፤ ግን ስለዚያ ማሽን ቤት ውስጥ እንዳትነግሪኝ» አለኝ። ፈቀደ ማለት ነው።

ጋሼም ቢሆኑ ብዙ አልተረፈላቸውም። ትልቁ የባነር ማተሚያ ተሰባብሯል። የቀረው በጤፍ ጆንያ ውስጥ ደብቀው ይዘውት የሸሹት ላፕቶፕና ግራና ከተማ ዘመድ ቤት የተቀመጠች ትንሽ የስቲከር መቁረጫ ነች። ላፕቶፑ መንገድ ላይ ወድቆ የስክሪኑ ቀኝ ጎን ቀለም እንደፈሰሰበት ጥቁር ሆኗል። ስለዚህ ሥራችንን ሁሉ በግራ በኩል ባለው ደህና መስኮት እያጮለቅን ነበር የምንሠራው። ስቲከርም ያለን ቀይ ጥቅልና ከጥቁሩ የተረፈች አንዲት ቁራጭ ብቻ ነበረች።

ፕሮግራሙን ግን ወደድኩት! የሥዕል ፕሮግራም ነው፤ ግን እንደ ፎቶ አይደለም። ሁሉን ነገር በነጥብና በመስመር ነው የሚይዘው፤ ፊደሉን የጥፍር ያህል ብታደርገው፣ የግድግዳ ያህል ብታደርገው ጠርዙ አይደበዝዝም። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ አለመርሳቱ ነው። ፊደሉን አንዴ ትጽፋለህ። ከዚያ የምታደርግበትን ሁሉ፣ ማጉበጡን፣ ማወፈሩን፣ ጥላ ማልበሱን፣ ፕሮግራሙ በጎን በኩል በዝርዝር ይጽፈዋል። ኢፌክት ነው የሚባለው። ፊደሉ ራሱ ከሥር እንዳለ አለ፤ ከዝርዝሩ አንዱን ማጥፋት፣ መመለስ፣ በማውስ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች መጎተት ይቻላል። ጋሼ «የምትጎትቺው ለምንድን ነው?» ሲሉኝ «ስለሚጎተት ነዋ» አልኳቸው። እሳቸውም ቢሆኑ ለምን እንደሆነ አያውቁም ነበር፤ አንድ ሰው አንዴ ያሳያቸውን መንገድ ሳይለቁ ነው የሚሠሩት።

የረመዳን ማለቂያ ላይ ጁስ ቤት የነበራቸው እትዬ ወደ ሱቁ መጡ። ማንጎና ፓፓያ ጨምቀው የሚሸጡ፣ ከሩቅ የሚሰሙ ሴት ናቸው። ለዒድ መክፈት ፈልገዋል።

«"እንኳን ደህና መጣችሁ" የሚል ከላይ፣ ከሥሩ "ጁስ ቤት"። የላይኛው እንደ ቀስተ ደመና ጎበጥ ይበልልኝ» አሉ። «ሰው ሁሉ እየተመለሰ ነው፤ ማንም ሳይባል እንዳይገባ።»

«ጥላስ ይኑረው?» አልኳቸው፤ ሙያተኛ ለመምሰል።

«ምኑ?»

«ፊደሉ።»

«ማሻአላህ! ፊደልም ጥላ ያዘ? ይኑረው እንጂ፣ ሙቀቱን አታይም?»

የድሮ ታፔላ አልነበራቸውም እንዴ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ ነበራቸው፤ የጻፈላቸውም የኔ አባት ነበር። እትዬ ሲወጡ ወደኔ ጠጋ ብለው «አባትሽ እምቢ ስላለኝ ነው እኮ እዚህ የመጣሁት» አሉኝ። ያን ጊዜ በልቤ አሰብኩ። ይህን ታፔላ አሳምሬ እሠራዋለሁ፤ አባቴ ለዒድ ሶላት ሲሄድ ያየዋል፤ ሲያየው እጁን ይበላዋል።

በማግስቱ ጋሼ ጥቁር ስቲከር ፍለጋ ወልድያ ሄዱ። ሚኒባሱ ላይ እግራቸውን አድርገው «ሥራውን አዘጋጂ፤ እኔ ሳላየው ግን እንዳትቆርጪ!» አሉኝ። «እሺ» አልኩ። እሺ ማለት ቀላል ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። «እንኳን ደህና መጣችሁ»ን ጻፍኩ። ሁለት ኢፌክት ያስፈልገኛል፤ ማጉበጥና ጥላ። መጀመሪያ ይጉበጥ፣ ቀጥሎ ጥላው ይውደቅ አልኩ። የታፔላ ጻፊ ልጅ ነኝና መጀመሪያ የሚመጣው የት እንደሚቀመጥ ለኔ ጥያቄ አልነበረም። መጀመሪያ የሚቀባው ከሥር ነው፤ ሁለተኛው በሱ ላይ ነው። ስለዚህ ማጉበጡን በዝርዝሩ ከታች አደረግሁት፣ ጥላውን ከላይ። በደህናው የስክሪን ጎን አጉልቼ መካከሉን ብቻ አየሁት። ያምራል። መካከሉ እውነትም ያምር ነበር።

ቆረጥኩ። ቀዩን ለፊደሉ፣ ያችን አንዲት ጥቁር ቁራጭ ለጥላው። ማሽኗ ጢጥ ጢጥ እያለች ስትቆርጥ ደስታዬን አልቻልኩትም። ትርፉን ልጬ፣ ነጩን ላሜራ መሬት አስተኝቼ ሁለቱን ከነወረቀታቸው ደርቤ አየሁ። ደስታዬ ከዚያ አላለፈም። የሆነ ነገር ልክ አይደለም። ምን እንደሆነ አላወቅሁም፤ ጽሑፉ ብቻ የሰከረ ይመስላል። ጥቁር ስቲከር ደግሞ የለም። ጥቁሩን ጠቅልዬ ደብተር መያዣዬ ውስጥ ከተትኩና ሱቁን ቆልፌ እያለቀስኩ ወደ ቤት።

አባቴ ድንጋዩ ላይ ነበር።

«ምንድን ነው የተጠቀለለው?»

«ምንም።»

«ምንም እንዲህ አይጠቀለልም። አምጪው እስኪ።»

መሬት ላይ ዘረጋውና በአራቱ ማዕዘን ጠጠር ጣለበት። ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ በመፋቂያው እየጠቆመ «ጥላ ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ስንት ፀሐይ ነው ያለው?»

«እ?»

«ነይ ቁጠሪ። እነዚህ በግራ ያሉት ጥላቸው ወደ ጎን ነው የተጋደመው፤ ጧት ነው። መካከል ያሉት ሰያፍ ናቸው፤ ረፋድ። እነዚህ በቀኝ ያሉት ደግሞ ጥላቸው እግራቸው ሥር ገብቷል፤ ቀትር። በአንድ ታፔላ ላይ ሦስት ፀሐይ! መርሳ አንዷንስ መች ቻልናት?»

እያለቀስኩ ሳቅሁ። እናቴ ከውስጥ ብቅ ብላ አየችንና ተመለሰች፤ አባቴ ስለ ፊደል ካወራ ስንት ወር ሆኖት ነበር። እንዳልነግረው የከለከለኝን ማሽን በራሱ አፍ ጠየቀኝ። እኔም ነገርኩት፤ መጀመሪያ ማጉበጡን ከሥር፣ ቀጥሎ ጥላውን ከላይ አደረግሁ አልኩት።

«ትክክል ነው» አለ። «መጀመሪያ የሚሆነው ከሥር ነው። እንዲያ ካደረግሽ አልተሳሳትሽም፤ ማሽኑ ነው የቀጠፈው።»

«ማሽን አይቀጥፍም፣ አባ።»

«ታዲያ ጥላው ለምን ተጣመመ? ጥላ አይታጠፍም፤ ፀሐይ ናት የምትጥለው። ፊደሉ ጎብጦ፣ ተስተካክሎ፣ ቆሞ ካለቀ በኋላ ነው ፀሐይ የምትወጣበት። ይሄ ግን ጥላውን ይዞ ነው የጎበጠው።» ትንሽ አሰበና መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። «ነገ አሳይኝ።»

በማግስቱ ጧት አባቴ ፊቱን ወደ አስፋልቱ ሳያዞር የጋሼ ሱቅ ገባ። ወንበር ስሰጠው ከላፕቶፑ ፊት ወዳለው ወንበር ሄዶ ተቀመጠበት። «ሙሉውን ተይው» አለኝ፤ «ሁለት ፊደል ብቻ ጻፊ፤ አንዱን ከግራ አንዱን ከቀኝ አድርጊ። ብዙ ፊደል ስህተት ይደብቃል።» ይህንን እኔ አላሰብኩትም ነበር። አሳንሼ ሁለቱንም በደህናው ጎን ከተትኳቸው። ከዚያ ሁለት ፀሐያቸው ቁልጭ ብሎ ታየ።

«በይ አሁን ያንን ከሥር ያለውን ወደ ላይ ሳቢው።»

ማጉበጡን ይዤ ከጥላው በላይ ጎተትኩት። ሁለቱ ጥላዎች ብድግ ብለው አንድ አቅጣጫ ያዙ። ምንም አልጨመርኩ፣ ምንም አልቀነስኩ! ያው ማጉበጥ ነው፣ ያው ጥላ ነው። ቅደም ተከተላቸው ብቻ ነው የተለወጠው። መልሼ አወረድኩት፤ ተጣመመ። አወጣሁት፤ ቀና። አባቴ «ደግመሽ» አለኝ። ደገምኩ። «ደግመሽ።»

ሲገባን አንድ ላይ ነው የገባን። ሥዕሎችን ስንደራርብ የሚታየው ዝርዝር እንደ ቀለም ነው፤ ከሥር ያለው መጀመሪያ፣ ከላይ ያለው መጨረሻ። የኢፌክቱ ዝርዝር ግን ከላይ ወደ ታች ነው የሚሠራው። የመጀመሪያውን መስመር ይፈጽማል፣ ከሱ የወጣውን ይዞ ወደ ሁለተኛው ይወርዳል። እኔ ጥላውን ከላይ ሳደርገው መጀመሪያ አጥልቶ፣ ከዚያ ፊደሉንም ጥላውንም አንድ ላይ አጎበጣቸው።

አባቴ ሳቀ። የእውነቱን ሳቅ፣ ትከሻው እስኪነቃነቅ። «ይሄ እንደ ደብዳቤ ነው የሚያነበው፤ አንች እንደ ግድግዳ ጻፍሽለት!»

ከዚያ በኋላ ማን ያስነሳው። «ማወፈሩን ከጥላው በፊት አድርጊ።» ፊደሉ ወፈረ፤ ጥላውም የወፍራም ፊደል ጥላ ሆነ፤ በመካከላቸው ግን ቀጭን ነጭ ክፍተት ቀረች። «አሁን በኋላ።» ፊደሉም ጥላውም ለየብቻ ወፍረው ክፍተቷን ዋጧት፤ ተጣበቁ። «አየሽ፣ ይሄ እኔ ብሩሽ ላይ ቀለም ሳበዛ የሚመጣብኝ ነው» አለ። እንዲሁ አንዱን ሲያወጣ ሌላውን ሲያወርድ ቆየና ወደኔ ዞረ።

«ሁሉንም ብታጠፊውስ?»

አጠፋኋቸው። መጀመሪያ የጻፍኳቸው ሁለቱ ፊደላት ቀጥ ብለው ቆመው ታዩ።

«ምንም አልሆኑም?»

«አልተነኩም፣ አባ። ከሥር ነበሩ።»

ራሱን ነቀነቀ። ወደ ውጭ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ ወዳለው ባዶ የታፔላ ብረት ሲመለከት ቆየ።

ጋሼ የደረሱት ያኔ ነው። በራቸው ላይ ቆመው አባቴን ወንበራቸው ላይ አዩት፣ ወደ ላይ የበሩን መቃን አዩ፣ እንደገና አባቴን አዩት።

«ሰው ቤት ተሳስቼ ገባሁ መሰለኝ።»

«ግባ፣ ግባ» አላቸው አባቴ፤ እንደ ባለቤት። «ማሽንህ ደህና ነው። ሰው አጥቶ ነው እንጂ።»

«ሰውማ እርስዎ ነበሩ፤ አላይህም አሉኝ እንጂ» አሉ ጋሼ። ከዚያ ቦርሳቸውን ቁጭ አድርገው ወደኔ ዞሩ። «ጥቁር ስቲከር ወልድያም የለም። ያለችን ያችው ቁራጭ ናት፤ በጥንቃቄ ነው የምንቆርጣት።»

መሬቱ ቢከፈትልኝ እገባ ነበር። ነገርኳቸው። ሳልጠብቅ ቆረጥኩ፣ ከላይ የሚሆነውን ከታች አደረግሁ፣ ቁራጯ ሄደች አልኳቸው። ጋሼ አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ራሰ በራቸውን በመዳፋቸው አሻሹና «ሴትዮዋ ነገ ሊከፍቱ ነው እኮ» ብቻ አሉ።

አባቴ ወንበሩ ላይ እንዳለ መሬት ላይ የተኛውን ላሜራ ተመለከተ።

«ቀዩስ?»

«ቀዩ ደህና ነው» አልኩ። «ፊደሉ ያው ነው የጎበጠው። የተበላሸው ጥላው ብቻ ነው።»

«ፊደሎቹ የወጡበት ትርፍ አለ?»

ነበር። ለትንንሽ ጽሑፍ ይሆናል ብዬ በትርፍ የሰም ወረቀት ላይ መልሼ ለጥፌ አስቀምጬዋለሁ። አምጥቼ ሰጠሁት። በፊደል ቅርጽ የተቀደደ ቀይ ወንፊት ይመስላል። አባቴ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው።

«ጥቁር የዘይት ቀለም አለህ?» አላቸው ጋሼን።

«የበር ብረት የቀባሁበት ግማሽ ቆርቆሮ አለ።»

«ብሩሽስ?»

ጋሼ ዙሪያውን አዩና የመቁረጫዋን አቧራ የሚጠርጉባትን የፂም ብሩሽ አነሱ። «ካልናቋት ይችውና።»

አባቴ ተቀበላቸው። ፀጉሯን በአውራ ጣቱ ደባበሰ፣ አገላብጦ አየ፣ «ይቺ የሙሽራ ፂም እንኳ በወጉ አታረጥብም» አለና ስቲከር መቁረጫ ምላጫችንን ተቀብሎ ጫፏን በሰያፍ ከረከማት። ቀለሙን በአኳራጅ አቀጠነ። ከዚያ ላሜራው ላይ ተንበረከከ።

መጀመሪያ ቀይ ፊደሎቹ የሚያርፉበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አደረገ። ቀጥሎ ያንን ወንፊት በቦታው ዘረጋውና ሳያጋድል፣ ሳያዞር፣ ሙሉውን ቅስት እንዳለ አንድ ጣት ወደ ቀኝ፣ አንድ ጣት ወደ ታች ገፋው። «ጎብጦ አልቋል» አለኝ ቀና ሳይል፤ «አሁን ነው ፀሐይዋ።» ስክሪኑ ላይ ስጎትተው የሆነውን በእጁ ሲደግመው ነበር ያየሁት፤ መጀመሪያ ማጉበጥ፣ ቀጥሎ ጥላ። እንደ «መ» ላሉት ፊደሎች አይኖች ደግሞ ከተበላሸው ጥቁር ስቲከሬ ትንንሽ ክብ ቆርጬ እንድለጥፍለት አዘዘኝ፤ ቀለም እንዳይሞላቸው። ቁራጯም እንዲሁ ከንቱ አልቀረችም።

የመጀመሪያው ፊደል ላይ ጠርዙን እየተከተለ ቀስ ብሎ ሄደ። ሦስተኛው ላይ ማፏጨት ጀመረ። ጋሼ ክንዴን ጎነጥ አድርገው በአይናቸው ጠቆሙኝ፤ እኔም አይቼው ነበር።

ሲደርቅ ቀዩን ጋሼና እኔ በሳሙና ውሃ አርጥበን በምልክቱ ላይ ለጠፍነው፤ ከሥሩም «ጁስ ቤት»ን በቀይ ቆርጠን ጨመርንበት። ራቅ ብለን ቆምን። አንድ ፀሐይ ብቻ ነበረች፤ ከላይ በግራ በኩል፣ ለሁሉም እኩል።

ለዒድ ጧት ታፔላው ተሰቅሎ ነበር። እትዬ አዲስ ሻሻቸውን ጠምጥመው በራቸው ላይ ቆመዋል። አባቴን ከሶላት ሲመለስ ሲያዩት «አንተ! ለኔ እምቢ ብለህ ለማሽን ጻፍክ አሉ!» ብለው ጮሁ፤ መንገደኛው ሁሉ ዞረ። «ዒድ ሙባረክ» አላቸውና አንድ ብርጭቆ የማንጎ ጁስ ይዞ ታፔላው ሥር ቆመ። ጁሱን ሳይጨርስ አንድ ባጃጅ ጥግ ይዞ ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ ወደ ላይ አየ።

«ማነው የጻፈው? ለኔም ጀርባዋ ላይ አንድ ነገር ፈልጌ ነበር።»

አባቴ በብርጭቆው ወደኔ ጠቆመ። «ከላይ ያለውን ቀይ እሷ፣ ከሥሩ ያለውን ጥላ እኔ። ነገ ሱቅ ና።»

ሱቅ ያለው የጋሼን ሱቅ ነው። ድንጋያችን ላይ አሁን እናቴ በርበሬ ታሰጣለች።

በዚያው ዓመት ክረምት የጦርነቱ ወሬ እንደገና ከፋና ሰው እንደገና ጓዙን መጠቅለል ጀመረ። እኛም ጠቀለልን። ጋሼ ላፕቶፑን በጆንያ ይዘው መጥተው ከልብሳችን መካከል ከተትነው። ሁሉም ነገር ከገባ በኋላ አባቴ ያችን የተከረከመች የፂም ብሩሽ በጨርቅ ጠቅልሎ መጣና ከሁሉ ነገር በላይ አስቀመጣት።

«ከሥር አድርጋት እንጂ፣ ትወድቅብሃለች» አለችው እናቴ።

«ከላይ ትሁን» አለ አባቴ፣ የሻንጣውን ዚፕ እየዘጋ። «ስንመለስ መጀመሪያ የምትወጣው እሷ ናት።»

ስንመለስም መጀመሪያ የወጣችው እሷ ነበረች።